ቤት ውስጥ የአእምሮ ሕመም ምልክት ስታዩ፦ ከመጀመሪያው ጥርጣሬ እስከ ምርመራው ክፍል ድረስ

ድሬዳዋ ውስጥ የሳይካትሪ ነርስ ሆኜ እሠራለሁ። በየሳምንቱ አንድ ዓይነት ነገር አያለሁ። አራት ሰው አንድ ወጣት ይዞ ይገባል። «ምን ሆነ?» እላለሁ። «አመመው» ይሉኛል። «ከመቼ ጀምሮ?» ስል ዝም ይላሉ። እርስ በርስ ይተያያሉ። አንዱ «ከአረፋ ወዲህ ነው» ይላል። ሌላው «ኧረ ከዓምና ጀምሮ ነው» ይላል። ስለ እንቅልፉ ስጠይቅ የሚያውቅ የለም። ስለ ጫቱ ስጠይቅ እናቱ አንገቷን ትደፋለች።

ወባ ሲጠረጠር ደም ይታያል። ስኳርም እንደዚያው ነው። ድባቴን ወይም ስኪዞፍሬንያን (የሌለ ድምፅ የሚያሰማና ሐሳብን የሚያዛባ ሕመም) የሚያሳይ የደም ምርመራ ግን የለም። ደምና ሽንት የምናየው ሌላ በሽታ ተደብቆ እንዳይሆን ነው። ዋናው ምርመራ ታሪኩ ነው። ታሪኩ ሲጎድል የሕመሙ ስም ይሳሳታል፤ መድኃኒቱም አብሮ ይሳሳታል። የሕመሙን ስም ለባለሙያው ተዉለት። ታሪኩን ግን ከእናንተ ሌላ የሚያመጣው ሰው የለም።

ከመጀመራችሁ በፊት አዘጋጁ

- አንድ ደብተርና እስክሪብቶ
- ቴርሞሜትር
- ሰውየው የሚወስደው መድኃኒት ሁሉ ከነማሸጊያው፤ የስኳር፣ የግፊት፣ የቲቢ፣ ከፋርማሲ ያለ ወረቀት የተገዛም ቢሆን
- የድሮ የሕክምና ወረቀቶች
- አብሮት የሚያድር አንድ ሰው

የመጨረሻው ከሁሉ ይበልጣል። ከሩቅ የመጣ የተከበረ አጎት ከሚናገር አንድ ክፍል የምታድር ታናሽ እህት ብትናገር ይሻላል።

## ደረጃ 1፦ ለነገ የማይባሉትን ለዩ

ከሚከተሉት አንዱን ካያችሁ ቀሪውን መመሪያ ተዉትና ዛሬውኑ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

1. ራሱን ለማጥፋት እንደሚያስብ ከተናገረ። ሳይናገርም የሚሰናበት የሚመስል ነገር ካደረገ፦ ዕቃውን ማደል፣ ይቅርታ እየጠየቀ መዞር፣ «ልጆቼን አደራ» ማለት።
2. ሌላ ሰው እንዲጎዳ የሚያዝዘው ድምፅ እንዳለ ከተናገረ።
3. መብላትና መጠጣት ካቆመ። በድሬ ሙቀት አንድ ቀን ሙሉ ውኃ ያልጠጣ ሰው አደጋ ላይ ነው።
4. ትኩሳት፣ የአንገት መገተር፣ መንፈራገጥ ወይም ጭንቅላቱን የመታው ነገር ካለ።
5. በየቀኑ ሲጠጣ የነበረ ሰው መጠጥ ባቆመ በ2 እና በ3 ቀን ውስጥ ከተንቀጠቀጠ፣ ካላበውና የሌለ ነገር ማየት ከጀመረ።
6. አራስ ከሆነች። ከወለደች በኋላ ባሉት ጥቂት ሳምንታት፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት፣ እንቅልፍ ከጠፋባት፣ ከተወዛገበች ወይም ስለ ሕፃኑ እንግዳ ነገር ከተናገረች። «ብቻዋን ትተናት ወጥተን ነው ጂን ያገኛት» እየተባለ ቀን ይባክናል። ሕፃኑን ከእሷ ጋር ብቻውን አትተዉ፤ እሷንም ብቻዋን አትተዉ።

እስክትንቀሳቀሱ ድረስ አንድ ሰው ከአጠገቡ አይራቅ። መድኃኒት፣ ፀረ ተባይና ስለት ከቤት ይውጣ። ክፍሉን ከሰው አጽዱ፤ የተረጋጉ ሁለት ሰዎች ይበቃሉ። ጎረቤት ተሰብስቦ ሲጮህ የፈራ ሰው ይብስበታል።

በሰንሰለትም በገመድም አትሰሩት። እጁ ቆስሎ የሚመጣ ሰው ገና ሳያየን ጠልቶን ነው የሚገባው።

«አልሄድም» ካለ፦ «ገበያ እንሂድ» ብላችሁ አታታልሉት። አንዴ የተታለለ ሰው ለሁለተኛው ቀጠሮ አይነሳም። እሱ ራሱ በሚያምንበት ችግር ግቡ። ድምፅ መስማቱን ሕመም ነው ብሎ ላይቀበል ይችላል፤ እንቅልፍ እንዳጣ ግን ያውቃል። «ስድስት ቀን አልተኛህም፤ ለእንቅልፍህ እንታይ» በሉት። እውነት ስለሆነ ይሠራል። የሚያከብረውን አንድ ሰው ጨምሩ፤ ብዙ ጊዜ ይህ ሰው ከቤተሰብ ውጭ ያለ ጓደኛ ነው። ይህም ካልሠራና አደጋው የቅርብ ከሆነ ፖሊስ ወይም አምቡላንስ ጥሩ፤ ሲመጡ «ታማሚ ነው» ብላችሁ ቀድማችሁ ንገሯቸው።

## ደረጃ 2፦ አካሉ እንዳልሆነ አረጋግጡ

ለውጡ የመጣው በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ነው? ቀን ደህና ሆኖ ማታ ይወዛገባል? አንዴ ይነቃል፣ አንዴ ይደነዝዛል? ይህ ከአእምሮ ሕመም ይልቅ አንጎልን የነካ የአካል ሕመም ይመስላል።

እንዲህ ፈትኑት። በእርጋታ ሦስት ነገር ጠይቁት፦ ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው? አሁን የት ነን? ከዚያም የሳምንቱን ቀናት ከእሁድ ጀምሮ ወደ ኋላ ይቁጠር፤ እሁድ፣ ቅዳሜ፣ ዓርብ እያለ። ስኪዞፍሬንያ ያለበት ሰው የሌለ ድምፅ እየሰማም ቢሆን ከድሬ ሰፈሮች ከዚራ ይሁን መጋላ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ያውቃል። ቦታውና ጊዜው የጠፋበት፣ ቆጠራውን ጀምሮ የሚረሳ ሰው ግን መጀመሪያ ለጠቅላላ ሐኪም ይታይ።

ድሬ ወባ ያለበት ከተማ ነው። ደንጌም ቺኩንጉንያም አይተናል። ትኩሳት ያለበት ሰው የሚለፈልፈውን ሰምታችሁ «ለከፈው» ከማለታችሁ በፊት ሙቀቱን ለኩ። የስኳር ታማሚ ከሆነ ስኳሩን ወዲያው አስለኩ። አንድ ጊዜ ሌሊቱን ሁሉ ሲጸለይለት ያደረ ሰው ማለዳ አመጡልን። ኢንሱሊኑን ወግቶ እራት ሳይበላ ነበር የተኛው። ስኳሩ ከ70 በታች ወርዶ ነበር። ግሉኮስ ሲገባለት ብዙም ሳይቆይ «የት ነው ያለሁት?» አለን። ቤተሰቡ በመጸለዩ አላጠፋም። አንድ የጣት ደም ግን ማታውኑ ይበቃ ነበር።

እነዚህንም ለሐኪሙ ሳትነግሩ አትውጡ፦

- እንቅርት ካለ፣ ወይም ክብደቱ በፍጥነት ከቀነሰና ልቡ የሚመታ ከሆነ። የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ሆርሞን መብዛት ጭንቀትን ይመስላል። ማነሱ ደግሞ ድባቴን ይመስላል። ደም ማነስም ሰውን ያፈዛል።
- የቲቢው አይሶናያዚድ፣ የኤች አይ ቪው ኤፋቪረንዝ፣ ለአስምና ለመገጣጠሚያ የሚታዘዘው ፕሬድኒሶሎን አልፎ አልፎ አእምሮን ይነካሉ። ራሳችሁ አታቋርጧቸው፤ ንገሩና ሐኪሙ ይወስን።
- የሚጥል በሽታ ከነበረበት።
- ዕድሜው ከ40 አልፎ እንዲህ ያለ ነገር ሲያሳይ የመጀመሪያው ከሆነ። ስኪዞፍሬንያም ባይፖላርም (ስሜት አንዴ እጅግ ከፍ፣ ሌላ ጊዜ እጅግ ዝቅ የሚልበት ሕመም) በብዛት የሚጀምሩት በጉርምስና መጨረሻና በ20ዎቹ ነው። ዘግይቶ የመጣ ነገር አካልን በደንብ ማስመርመር ይፈልጋል።

## ደረጃ 3፦ ደብተሩን ሙሉ

ድንገተኛ ካልሆነ ከቀጠሮው በፊት ቢያንስ ለ7 ቀን ጻፉ። ሳትጽፉ የመጣችሁበት ቀን ብዙ ጊዜ ግማሹ በግምት ያልቃል።

ያያችሁትንና የሰማችሁትን ብቻ ጻፉ። ትርጉሙን ተዉት። «ዛሬም አበደ»፣ «ጂኑ ተነሳበት»፣ «ጠባዩ ከፋ» የሚሉት ለምርመራ አይጠቅሙም። እንዲህ ይሁን፦

*ሰኞ። ሌሊት 9 ሰዓት ተኛ፣ 11 ሰዓት ተነሳ። አልደከመውም። ቁርስ አልበላም። ከቀትር እስከ ማታ ሳያቋርጥ አወራ። ሦስት ሱቅ ሊከፍት ነው፤ ጅቡቲ ሄዶ መኪና ሊያመጣ ነው። ለማያውቀው ሰው 4 ሺህ ብር ሰጠ። ስንከለክለው ጮኸ። ጫት አልቃመም።*

ይህች አንቀጽ ከአንድ ሰዓት ወሬ ትበልጥብኛለች። በየቀኑ እነዚህን ስድስት ነገሮች አስገቡ፦

1. የተኛበትና የተነሳበት ሰዓት። ሲነሳ ደክሞታል ወይስ ጉልበት ሞልቶታል?
2. ምግብና ውኃ።
3. ንግግሩ። በዝቷል? ቀርቷል? አይያያዝም? ብቻውን ሲያወራ ለአፍታ ቆም ብሎ መልስ እንደሚሰማ ይሆናል?
4. የተናገረው እንግዳ ነገር፣ ቃል በቃል። በኦሮምኛ ወይም በሶማልኛ ከተናገረው በዚያው ጻፉት።
5. ሥራ፣ ትምህርት፣ ገላ መታጠብ፣ ሶላት ወይም ቤተ ክርስቲያን። ከነዚህ የቱን ተወ?
6. ጫት፣ መጠጥ፣ ሺሻ፣ ክኒን፤ መጠኑና ሰዓቱ።

ከዚያ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ወደ ኋላ ሂዱ። ድሮ ምን ዓይነት ሰው ነበር? የመጀመሪያዋ ትንሽ ለውጥ መቼ ታየች? ቀኑ ካልታወሳችሁ በበዓል ቁጠሩ፦ ረመዳን ከመግባቱ በፊት ነው? ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ስንሄድ ደህና ነበር? ትልቁ ግርግር የተነሳበትን ቀን ሁሉም ያስታውሳል። እኔ የምፈልገው ግን ከዚያ በፊት ዝም ያለበትን፣ ጓደኞቹን የተወበትን፣ ትምህርቱ የወረደበትን ወራት ነው።

በዘር ያለውንም ጻፉ። «በቤታችን የለም» ተብሎ በሦስተኛው ቀጠሮ የአክስት ታሪክ ይወጣል። በዘር መኖሩ የማንም ጥፋት አይደለም፤ ሐኪሙ ግን ሊያውቀው ይገባል።

ደብተሩን ካየና «ትሰልሉኛላችሁ» ካለ፦ አትካዱ። «እንቅልፍህን ነው የምጽፈው፤ ማየት ትችላለህ» በሉት፤ ያንን ገጽም አሳዩት። ከተቆጣ ከቤት ውጭ ሆናችሁ ጻፉ፤ ወይም የራሳችሁን ድምፅ ስልክ ላይ ቅዱ። እሱን ተደብቃችሁ አትቅረጹት። ቀርጾ ለሌላ የሚልክ ወይም ቲክቶክ ላይ የሚለጥፍ ዘመድ ካለ ወዲያው አስቁሙት። ያ ልጅ ከሕመሙ ይድናል፤ ቪዲዮው ግን ሠርጉ ድረስ ይከተለዋል።

## ደረጃ 4፦ ጫቱን ከሕመሙ ለዩ

ድሬና ሐረር ላይ ምርመራ የሚበላሸው በአብዛኛው እዚህ ነው። ግማሹ ቤተሰብ ጫቱን ይደብቃል። ግማሹ ሁሉንም ነገር ጫቱ ላይ ይጭናል።

በጫት ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚያነቃቃ ንጥረ ነገር ነው። ቅጠሉ ሲደርቅ ኃይሉ ይወርዳል፤ የአወዳይ ጫት እየከነፈ የሚሄደውም ለዚህ ነው። በምርቃና ሰዓት ሰው ያወራል፣ ያቅዳል፣ አይርበውም፣ አይተኛም። ሲበዛ ይጠራጠራል፤ ኮቴ ይሰማል፣ ጥላ ያያል። ሲወርድ ደግሞ ይከፋዋል፣ ይነጫነጫል፣ ዱካክ ይመጣበታል። እንግዲህ ከበርጫ መልስ ማታ ያየው ሰው ማኒያ (ከልክ ያለፈ የስሜትና የጉልበት ከፍታ) ይለዋል። ጠዋት ያየው ድባቴ ይለዋል። ሁለቱም ሊሳሳቱ ይችላሉ።

በሦስት ጥያቄ ለዩት፦

1. የቱ ቀደመ? ለውጡ የመጣው ጫቱ ከበዛ በኋላ ነው ወይስ ሰውየው ከተለወጠ በኋላ ነው ጫቱ የበዛው?
2. ባልቃመባቸው ቀናት ምን ይሆናል? በግድ አታስተዉት። ታሞ የተኛበትን፣ ገጠር የሰነበተበትን፣ በጾም ምክንያት የተወበትን ጊዜ አስታውሱ። ያኔ ድምፁና ጥርጣሬው ጠፍቶ ነበር?
3. መጠኑ ተቀይሯል? አሥር ዓመት ያንኑ ያህል ቅሞ ሥራውን ሲሠራ የኖረ ሰው ዘንድሮ ከተለወጠ ሌላ ምክንያትም ፈልጉ።

ጫት ብቻውን ያመጣው ጥርጣሬና ድምፅ፣ ሰውየው ካቆመ በቀናት ወይም በጥቂት ሳምንታት ይጠፋል። ካቆመ ወር አልፎትም ከቀጠለ ሌላ ሕመም አለ ማለት ነው። ይህ ግን ወር ሙሉ ቤት ጠብቁ ማለት አይደለም። እየታከመ ነው የሚታየው።

«ጫቱን ቢተው ይድናል» የሚለውን ቃል እፈራዋለሁ። ከዓመታት በፊት እኔ ራሴ ለአንድ ወጣት ይህንኑ ብዬ ሸኝቼዋለሁ። ከስድስት ወር በኋላ ሲመለስ በደንብ ጠየቅሁት። ድምፅ መስማት የጀመረው ጫት ከመልመዱ በፊት ነበር። ከሰው ጋር በርጫ ላይ ሲቀመጥ ድምፁ የሚቀልለት መስሎት ነው የቃመው። እኔ ቅደም ተከተሉን አልጠየቅሁም ነበር። አሁን ከሁሉ በፊት የምጠይቀው እሱን ነው።

መጠጡንም አትርሱ። ለጨብሲ ብሎ የጀመረው ቢራ ስንት ደርሷል? በየቀኑ የሚጠጣ ሰው በአንድ ጊዜ እንዲያቆም አታስገድዱት፤ በደረጃ 1 የተነገረው መንቀጥቀጥ ይመጣል። ዲያዜፓም የተባለውን የማረጋጊያ ክኒን የለመደ ሰውም በአንዴ ሲያቋርጥ ሊያንፈራግጠው ይችላል። ትራማዶል የተባለውን የሕመም ማስታገሻ የሚወስድ ካለም ለሐኪሙ ተናገሩ።

ስንት እንደሚቅም ካልተናገረ፦ ዳኛ አትሁኑ። «ትቅማለህ?» አትበሉት። «በቀን ስንት ብር ታወጣለህ?» በሉት። ከብሩ መጠኑ ይታወቃል።

## ደረጃ 5፦ ያያችሁት የቱን እንደሚመስል እዩ

ይህን የምትጠቀሙበት ምን እንደምትነግሩ ለማወቅ ነው። ስም ለጥፋችሁ ፋርማሲ እንዳትሄዱ።

ድባቴ። አንድ ቀን ደበረኝ ማለት ድባቴ አይደለም። ቢያንስ 2 ሳምንት፣ አብዛኛውን ቀን፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል። ከሁለቱ አንዱ የግድ ይኖራል፦ ስሜት መውረድ ወይም ድሮ ደስ የሚለው ነገር መጥፋት። ከዚያ ሌሎቹ ይጨመራሉ፦ የእንቅልፍ መበላሸት፣ የምግብ ፍላጎት ወይም የክብደት መለወጥ፣ ድካም፣ የአካል መንቀራፈፍ ወይም መቅበጥበጥ፣ ሐሳብ አለመሰብሰብ፣ ራስን መውቀስ፣ ሞትን ማሰብ። በጥቅሉ ከዘጠኙ አምስት ሲሆን ባለሙያው ድባቴ ይለዋል።

እኛ አካባቢ ግን «ከፋኝ» ብሎ የሚመጣ ጥቂት ነው። «ራሴን ያቃጥለኛል» ይላሉ። «ጨጓራዬ»፣ «ወገቤ»፣ «ልቤን ይወጋኛል» ይላሉ። ለጨጓራ ሦስት ጊዜ፣ ለታይፎይድ አራት ጊዜ የታከመች እናት ካለቻችሁ ሌላ ጥያቄ ጠይቋት። ጎረቤት ቡና ትሄዳለች? የልጅ ልጇ ሲመጣ ፊቷ ይፈታል? ሌሊት 9 ሰዓት ነቅታ ጣሪያ ታያለች? ሐዘን ላይ ያለ ሰው ሲያስታውሰው ያለቅሳል፣ መሐል ላይ ደግሞ ይጫወታል። በድባቴ ያለ ሰው መሐሉም ጨለማ ነው፤ ራሱንም እንደማይረባ ይቆጥራል።

ባይፖላር። ከላይ በደብተሩ ላይ የጻፍኩት ሰው እንዲህ ያለው ነው። ጉልበት ሞልቶ፣ እንቅልፍ ሳይፈልግ፣ እያወራና ገንዘብ እየበተነ ሳምንትና ከዚያ በላይ ይቆያል። ሌላ ጊዜ ድባቴ ውስጥ ይወድቃል። ሰዎች ወደ ሕክምና የሚመጡት በብዛት በድባቴው ጊዜ ነው፤ ያለፈውን የከፍታ ጊዜ ግን አይናገሩም። «ያኔ እኮ ጎበዝ ነበርኩ» ይላሉ። ስለዚህ ለድባቴ የመጣ ሰው ቤተሰብ ይህን የግድ ይናገር፦ ሳይተኛ የማይደክምበት ሳምንት ኖሮ ያውቃል? ይህ ሳይነገር የድባቴ መድኃኒት ብቻውን ቢሰጠው ወደ ማኒያ ሊገፋው ይችላል።

ሳይኮሲስ። ሌላው የማይሰማውን መስማት፤ ክትትል ወይም መርዝ አለብኝ ብሎ ማመን፤ ንግግሩ አለመያያዝ። እዚህ ላይ ከሁሉ የሚያስፈልገው ጊዜው ነው። ከወር ያነሰ፣ ወራት የቆየ፣ ከስድስት ወር ያለፈ እያንዳንዱ የተለየ ስም አለው። እምነት የሆነውንም ለዩ። ቤተሰቡ ሁሉ በዛር ወይም በቡዳ ቢያምን እምነት ነው። እሱ ብቻውን «የሰፈሩ መስጊድ ድምፅ ማጉያ ስሜን እየጠራ ይሰድበኛል» ካለ ግን ጻፉት።

ጭንቀት። ለወራት ስለ ሁሉም ነገር መጨነቅ፣ ጡንቻ መወጠር፣ መባነን። በድንገት የሚመጣው ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ጫፍ ይደርሳል፦ ልብ ይመታል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ «ሞትኩ» ያሰኛል። የመጀመሪያው ከሆነ ልቡ ይታይ።

ወስዋስ። ውዱእ ሃያ ጊዜ የሚደግም፣ «ኒያዬ (የልቤ ሐሳብ) ተበላሸ» ብሎ ሶላቱን አሥር ጊዜ የሚጀምር፣ ያንኑ ኃጢአት በየቀኑ ለንስሐ አባቱ የሚናገር ሰው ካለ «ጻድቅ ነው» ብላችሁ አትለፉት። በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ የሚወስድበትና የሚያሰቃየው ከሆነ የሚታከም ሕመም ነው። የሚረዳ ሸይኽ ወይም ቄስ እዚህ ላይ ትልቅ አጋዥ ነው።

ከአደጋ በኋላ የሚመጣ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የድሬዳዋው ደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ሰውና ቤት የወሰደ ጊዜ የነበረ ሰው አስቡ። ዝናብ ሲዘንብ ላብ የሚያጠምቀው፣ ያንን ሌሊት በሕልሙ የሚያየው፣ በወንዙ በኩል ማለፍ የተወ። ከአደጋው ወር አልፎ እንዲህ ከቀጠለ ተናገሩ። በመኪና አደጋ፣ በግጭት ወይም በመደፈርም እንዲሁ ነው።

## ደረጃ 6፦ እሱን ራሱን ጠይቁ

ብቻችሁን ሁኑ። ከሰዓት በርጫ ላይ አይሁን። ስልኩን አስቀምጡ። «ምን ሆነሃል?» ካላችሁት «አቦ ምንም አልሆንኩም» ይላችኋል። ያያችሁትን ንገሩት፦ «ሌሊት ስትንጎራደድ እሰማለሁ። ምን እያሰብክ ነው?»

ስለ ሞት በቀጥታ ጠይቁ። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣም፤ ብዙ ሰው ሲጠየቅ ይቀልለዋል። ቀስ በቀስ ግቡ፦

1. «መኖር አስጠልቶህ ያውቃል?»
2. «ሞቼ ባረፍኩ ብለህ አስበሃል?»
3. «ራስህን ለማጥፋትስ?»
4. «እንዴትና መቼ ብለህ አስበሃል?»

ለሦስተኛው ወይም ለአራተኛው «አዎ» ካለ ወደ ደረጃ 1 ተመለሱ። አትቆጡ፤ «ኃጢአት እኮ ነው» አትበሉ። ያውቀዋል፤ ዳግመኛ እንዳይነግራችሁ ብቻ ያደርገዋል።

ድምፅ ይሰማኛል ካለ አትከራከሩ፤ «አዎ፣ እኔም ሰማሁ» ብላችሁም አትዋሹት። «እኔ አልሰማሁም፤ አንተን ግን እንዳስፈራህ ይታየኛል» በቂ ነው።

## ደረጃ 7፦ የትና እንዴት እንደምትሄዱ

ድሬዳዋ ላይ ድል ጮራ፣ ሐረር ላይ ሕይወት ፋና የአእምሮ ጤና አገልግሎት አላቸው። በማኅበረሰብ ጤና መድን የምትታከሙ ከሆነ መጀመሪያ ጤና ጣቢያችሁ ሄዳችሁ የሪፈር ወረቀት ያዙ፤ ካልያዛችሁ ከኪሳችሁ ትከፍላላችሁ። ድንገተኛ ከሆነ ወረቀት አትጠብቁ። ነገሩን በቅርብ ማስታየት እየተቻለ «አዲስ አበባ አማኑኤል ካልሆነ» ብላችሁ ወራት አትፍጁ።

ቋንቋውን አስቡበት። በሶማልኛ ወይም በሐረሪ የሚያስብ ሰው ሕመሙን በአማርኛ ሲናገር ግማሹ ይቀራል። በራሱ ቋንቋ የሚያነጋግር ባለሙያ ካለ ጠይቁ። አስተርጓሚ ካስፈለገ ግን የሚጠረጥረው ዘመድ አይሁን። «ወንድሜ ሊመርዘኝ ነው» የሚል ሰው በወንድሙ አፍ እንዴት ይናገር?

ጸበልም ሩቅያም (ቁርኣን እየተቀራ የሚደረግ ሕክምና) ይዛችሁ ከሆነ ተዉ አልልም። ሦስት ነገር ግን አጥብቁ፦ ይብላ ይጠጣ፣ መድኃኒቱ አይቋረጥ፣ አይታሰር አይመታ። ከሦስቱ አንዱን የማይፈቅድ ቦታ ከሆነ ይዛችሁት ውጡ።

## ደረጃ 8፦ ምርመራው ክፍል ውስጥ

አንድ ሰው ይናገር። መጀመሪያ ሦስት ነገር በሉ፦ ምን አያችሁ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ዛሬ ለምን መጣችሁ። ከዚያ ደብተሩን ስጡ።

ታማሚው ከባለሙያው ጋር ብቻውን ጥቂት ደቂቃ ይቆይ። በተለይ ሚስት ስትሆን። ባል አጠገቧ ቆሞ ስለ መመታቷ አትናገርም።

ከመውጣታችሁ በፊት ጠይቁ፦ ምን ይመስላችኋል? ሌላስ ምን ሊሆን ይችላል? መድኃኒቱ መቼ መሥራት ይጀምራል? ምን ካየን ቀጠሮ ሳንጠብቅ እንመለስ?

«ጭንቀት ነው» ተብላችሁ በሁለት ደቂቃ ከወጣችሁ፦ አትጣሉ። ደብተሩን ይዛችሁ «ይህን ሳያዩልን ነው፤ እባክዎ ይዩልን» በሉ። ካልሆነ ሌላ ቀን ሌላ ባለሙያ ጋ ግቡ፤ የመጀመሪያውን ወረቀት ግን ያዙ።

## ደረጃ 9፦ ስሙ ሲቀየር

በመጀመሪያው ቀን የተሰጠ ስም ብዙ ጊዜ ጊዜያዊ ነው። ዛሬ አጭር ሳይኮሲስ የተባለ ከወራት በኋላ ባይፖላር ወይም ስኪዞፍሬንያ ሊባል ይችላል። የሕመሙ አካሄድ በጊዜ ስለሚታይ ነው እንጂ ተታላችሁ አይደለም። ስሙ በተቀየረ ቁጥር ሐኪም ብትቀይሩ ግን ያንን አካሄድ የሚያይ ሰው አይኖርም።

የድባቴ መድኃኒት ለመሥራት ሳምንታት ይፈልጋል። በ5ኛው ቀን «አልሠራም» ብላችሁ አታቋርጡ። በሌላ በኩል ጀምሮት በድንገት እንቅልፍ ካጣ፣ ከተቁነጠነጠ ወይም ጉልበት ከሞላው ቶሎ ተመለሱ። የሳይኮሲስ መድኃኒት ከጀመረ በኋላ አንገቱ ከተጣመመ፣ ዓይኑ ወደ ላይ ከተሰቀለ ወይም መንጋጋው ከተቆለፈ ያኔውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት፤ በመርፌ ይፈታል። ሰውነቱ ግትር ብሎ ትኩሳት ከመጣ ለደቂቃም አትዘግዩ።

አዲስ ገጽ ግለጡ። ከላይ የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑንና የቀጠሮውን ቀን ጻፉ። ከሥሩ ዛሬ ማታ ስንት ሰዓት እንደተኛ ጻፉ።